የሴት ራፐሮች ከሂፕሆፕ ወደ ፖፕ መሻገር፤ የድንበሩና የባለቤትነቱ ታሪክ

መግቢያ

በአሜሪካ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። ይኸውም በሂፕሆፕ ያደገች ሴት ራፐር ዘፈኗ በፖፕ ራዲዮ ሲሰማና ሸክላዋ በሚሊዮን ሲሸጥ የተነሣችበትን ሙዚቃ ከዳችው ወይስ አሳደገችው? የሚል ነው። ከዳችው የሚሉት ወገኖች የሰፈሯን ቃል ለገበያ ስትል አለዘበችው ይላሉ። አሳደገችው የሚሉት ደግሞ ከጠባብ ሰፈር አውጥታ ለዓለም አሰማችው ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ ሁለቱም ወገኖች ዐይናቸውን የሚጥሉት በሴቲቱ ጠባይና በዘፈኑ ለዛ ላይ ብቻ ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ጥያቄው ከመነሻው የተጣመመ መሆኑን ነው። በእኛ አስተያየት የታሪክ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው «ሄደች ወይስ ቀረች?» ብሎ ሳይሆን፣ «ድንበሩን ያሰመረው ማን ነው? ስትሻገርስ ግጥሙንና ውሉን የያዘው ማን ነበር?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ይዘን ታሪኩን ከመነሻው ስንከተለው፣ የሚወደሰውም የሚወቀሰውም ነገር ቦታውን ይለውጣል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሦስት ቃላት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሂፕሆፕ በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሰፈር በ1970ዎቹ ዓመታት የተወለደ የወጣቶች ባህል ሲሆን፣ ራፕ የዚህ ባህል የንግግር ክፍል ነው። ራፐር በከበሮ ምት ላይ ግጥሙን በስልት ይናገራል፤ ስለዚህ ለአገራችን አንባቢ ከዘፈን ይልቅ ፉከራ ይቀርበዋል። ፖፕ ግን የአንድ ሙዚቃ ዐይነት ስም ከመሆን ይልቅ የገበያ ስም ነው። ብዙ ሕዝብ የገዛውና በብዙ ጣቢያ የተሰማው ሁሉ ፖፕ ይባላል። «መሻገር» የምንለውም በሸክላ ነጋዴዎች ቋንቋ «ክሮስኦቨር» የሚባለው ነው፤ ለአንድ ወገን አድማጭ ተብሎ የተሠራ ሸክላ ከዚያ ወገን የደረጃ ሰንጠረዥ ወጥቶ በጠቅላላው ሕዝብ ሰንጠረዥ ላይ ሲገኝ ማለት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ድንበሩ ከሂፕሆፕ በፊት ነበረ

መሻገር የሚኖረው ድንበር ሲኖር ነው። ይህን ድንበር ያሰመሩት ሙዚቀኞች አይደሉም። በአሜሪካ የሸክላ ንግድ ከጥንት ጀምሮ የጥቁሮች ሸክላ ለብቻው ይታተም፣ ለብቻው ይሸጥ፣ ለብቻውም ይቈጠር ነበር። ቢልቦርድ የተባለው የንግድ መጽሔት እስከ 1949 ድረስ ይህን ክፍል «የዘር ሸክላዎች» ብሎ ይጠራው ነበር፤ በዚያ ዓመት ስሙ ተለውጦ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» ተባለ። ስሙ ይለወጥ እንጂ ልዩ ሰንጠረዥነቱ አልቀረም።

በዚህ ድንበር ላይ ሴቶች ምን እንደ ደረሰባቸው ለመረዳት የወይዘሮ ላቨርን ቤከርን ነገር መመልከት ይበቃል። ወይዘሮ ቤከር «ትዊድል ዲ» የተባለውን ዘፈን አትላንቲክ ለተባለው ኩባንያ ቀርጸው ነበር። ዘፈኑ ተወዳጅ መሆን ሲጀምር ጆርጂያ ጊብስ የተባለች ነጭ ዘፋኝ አቀናባበሩን ሳይቀር ተከትላ ለሌላ ኩባንያ ቀረጸችው። በ1955 የጊብስ ሸክላ በፖፕ ሰንጠረዥ ላይ 2ኛ ደረጃ ሲደርስ የቤከር 14ኛ ላይ ቀረ። በጊዜው የነበረው ሕግ የደራሲውን ቃልና ዜማ እንጂ የዘፋኙን አቀናባበር አይጠብቅም ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ቤከር የሚሺጋን ተወካይ ለነበሩት ለቻርልስ ዲግስ አቤቱታቸውን ጽፈው ሕጉ እንዲሻሻል ጠየቁ፤ ነገር ግን የተለወጠ ሕግ አልነበረም።

እንግዲህ ሂፕሆፕ ከመወለዱ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ተለይተው ታውቀዋል። አንደኛው፣ ዘፈን ድንበሩን ሲሻገር ዘፋኟ አብራው ላትሻገር ትችላለች። ሁለተኛው፣ ጥቅሙን የሚወስደው የዘፈነው ሰው ሳይሆን በሕግ ፊት ባለቤት ሆኖ የተጻፈው ነው።

በመነሻው ላይ የነበሩ ሴቶች

ሂፕሆፕ የወንዶች ሥራ ነበረ፤ ሴቶች በኋላ መጥተው ገቡበት የሚለው አስተያየት ከታሪኩ ጋር አይስማማም። የሂፕሆፕ ልደት ተብሎ የሚከበረው በኦገስት 11 ቀን 1973 በብሮንክስ በ1520 ሴጅዊክ ጎዳና የተደረገው ግብዣ ነው። ሸክላውን ያጫወተው ኩል ሄርክ የተባለው ክላይቭ ካምፕቤል ሲሆን፣ ግብዣውን ያሰናዳችው ግን እኅቱ ሲንዲ ካምፕቤል ናት። ምክንያቷም ትምህርት ቤት ሲከፈት የምትለብሰውን ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ለመግቢያም ከሴቶች 25 ሳንቲም፣ ከወንዶች 50 ሳንቲም ተቀበለች። ስለዚህ የሂፕሆፕ የመጀመሪያው የንግድ አዘጋጅ ሴት ነበረች ብንል አልተሳሳትንም።

ራፕ ከግብዣ ቤት ወጥቶ በሸክላ ሲታተምም በመሪነት የምናገኘው ሴት ነው። ወይዘሮ ሲልቪያ ሮቢንሰን በ1950ዎቹ «ሚኪ ኤንድ ሲልቪያ» በተባለው ጥምረት «ላቭ ኢዝ ስትሬንጅ»ን የዘፈኑ፣ በ1973 ደግሞ «ፒሎው ቶክ» በተባለው ዘፈን በብቸኝነት ስም ያተረፉ ሴት ነበሩ። በ1979 ከባለቤታቸው ጋር በኒው ጀርዚ ግዛት በኢንግልዉድ ከተማ ሹገር ሂል የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ያወጣው «ራፐርስ ዲላይት» በ1980 መጀመሪያ በቢልቦርድ ጠቅላላ ሰንጠረዥ 36ኛ ደረጃ ደረሰ። ራፕ ወደ ፖፕ የተሻገረበት የመጀመሪያው በር ይህ ነው፤ በሩንም የከፈቱት ወይዘሮ ሮቢንሰን ናቸው።

ነገር ግን የኩባንያው ባለቤት ሴት መሆኗ ብቻውን ፍትሕ አላመጣም። በዚህ ሸክላ ውስጥ ከተነገሩት ስንኞች ብዙዎቹን የጻፈው ግራንድማስተር ካዝ የተባለ የብሮንክስ ራፐር ሲሆን ስሙ በደራሲነት አልተመዘገበም። ሙዚቃው የተወሰደበት «ጉድ ታይምስ» ደራሲዎች፣ ናይል ሮጀርስና በርናርድ ኤድዋርድስ፣ በደራሲነት የተመዘገቡት በሕግ እንከሳለን ካሉ በኋላ ነው። እኛ ይህን የምናነሣው ወይዘሮ ሮቢንሰንን ለመንቀፍ አይደለም። የሸክላ ንግድ ሕግ ማንም በወንበሩ ላይ ቢቀመጥ አንድ ዐይነት መሆኑን ለማስረዳት ነው፤ የሚከፈለው የተናገረው ሳይሆን የተመዘገበው ነው።

በዚያው በ1979 ሹገር ሂል የሦስት ሴቶችን ሸክላ አወጣ። ቡድኑ «ዘ ሲክዌንስ»፣ ዘፈኑም «ፈንክ ዩ አፕ» ይባላል። ሦስቱም ከደቡብ ካሮላይና ግዛት ከኮሎምቢያ ከተማ የመጡ ስለ ነበሩ፣ ራፕ የኒው ዮርክ ልጆች ብቻ ነው የሚለውን ገና በመጀመሪያው ዓመት አፈረሱት። እነዚህ ሴቶች በአንድ ዘፈን ውስጥ ራፕም ዜማም ያቀርቡ ነበር። ከሦስቱ አንዷ አንጂ ስቶን በኋላ ጊዜ በሶል ዘፋኝነት የታወቀች ሲሆን፣ በማርች 2025 በመኪና አደጋ እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ በሙያዋ ላይ ነበረች። ራፕንና ዜማን ማዋሐድ በቅርብ ጊዜ ለፖፕ ገበያ ሲባል የመጣ አዲስ ነገር ነው ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ የሴቶች ራፕ በሸክላ ላይ ሲወለድ ከዜማ ጋር ተወልዷልና።

ይሁን እንጂ ራፕ ያለበት ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቅላላው ሰንጠረዥ ቁንጮ ላይ የወጣው ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ ነው። በማርች 1981 የብሎንዲ ቡድን «ራፕቸር» 1ኛ ሆነ። ራፕ የምታሰማው ዴቢ ሃሪ የሮክና የፖፕ ዘፋኝ እንጂ የብሮንክስ ልጅ አልነበረችም። ለሃሪ ግን አንድ ነገር ሊመሰገንላት ይገባል። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ 14 ቀን «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቴሌቪዥን ትርኢት በአስተናጋጅነት ስትመራ «ፈንኪ ፎር ፕላስ ዋን» የተባለው የብሮንክስ ቡድን እንዲቀርብ አድርጋለች፤ ከቡድኑም አንዷ ሻ-ሮክ የተባለች ሴት ራፐር ነበረች። ሆኖም ሴት በአንደበቷ ራፕን 1ኛ ደረጃ ላይ ስታወጣ ያቺ ሴት ከፖፕ ወደ ራፕ የመጣች መሆኗ ብዙ ያስተምራል። ከራፕ ወደ ፖፕ የምትሄደዋ ሴት ያንኑ ስፍራ ለመያዝ ሌላ አሥራ ሰባት ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

የሶልት-ኤን-ፔፓ ምሳሌ

ሼሪል ጄምስና ሳንድራ ዴንተን በኩዊንስ ሰፈር ሲርስ በተባለው መደብር ተቀጥረው ሲሠሩ፣ አብሯቸው የሚሠራው ኸርቢ አዞር ለትምህርቱ የሚያቀርበውን ሸክላ እንዲቀርጹለት ጠየቃቸው። በ1985 የወጣው ይህ ሸክላ «ዘ ሾውስቶፐር» ነው፤ ቡድኑም ብዙ ሳይቆይ ሶልት-ኤን-ፔፓ ተባለ። የመጀመሪያው አልበም በ1986 ወጣ። ግጥሙን በአብዛኛው የሚጽፈው፣ ሙዚቃውን የሚያቀናብረውና ሥራውን የሚመራው አዞር ነበር።

«ፑሽ ኢት» የተባለው ዘፈን ወደ ፖፕ የተሻገረበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ዘፈኑ በ1987 «ትራምፕ» በተባለው ሸክላ ጀርባ የታተመ ተጨማሪ ነበር። ካመሮን ፖል የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሸክላ አጫዋች ዘፈኑን እንደ ገና አዋሕዶ በራዲዮ አሰማው፤ በዚያ የተወደደው አቀናባበር ለብቻው ታትሞ በ1988 መጀመሪያ በጠቅላላው ሰንጠረዥ 19ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በለንደን ዌምብሊ ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ የልደት በዓል በተደረገው ትርኢት ላይ ቡድኑ ከቀረበ በኋላም ዘፈኑ በብሪታንያ 2ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። እንግዲህ ሴቶቹ ድምፃቸውን ለፖፕ ብለው አለዘቡ የሚለው ክስ እዚህ ላይ ምን መሠረት አለው? ሸክላው ያው ሸክላ ነው፤ የተለወጠው የሚያሰማው ጣቢያ ነው።

ለውጡ የሚገኘው በሌላ ስፍራ ነው። በአገራችን አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል» ብሎ ግጥሙን ሲሰጥ አዝማሪው በዜማው ይመልሰዋል፤ ቃሉ የማን፣ ድምፁ የማን እንደ ሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ሽልማቱም በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። በሸክላ ንግድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፁን ነው፤ ሸክላው በተሸጠ፣ ዘፈኑም በራዲዮ በተሰማ ቍጥር የማይቋረጠውን የድርሰት ድርሻ የሚቀበለው ደግሞ በደራሲነት የተመዘገበው ሰው ነው። በአሜሪካ ሕግ ራዲዮ ዘፈን ሲያሰማ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ለዘፋኙ አይከፍልም። ስለዚህ ወደ ፖፕ መሻገር፣ ማለት በብዙ ጣቢያዎች መሰማት፣ ከሁሉ በፊት የሚያበለጽገው ደራሲውን ነው።

ሼሪል ጄምስ ይህን የተረዳች ይመስላል። በ1989 የወጣውን «ኤክስፕሬሽን» የተባለውን ዘፈን ራሷ ጻፈች፣ ራሷም አቀናበረች፤ ዘፈኑም በ1990 በቢልቦርድ የራፕ ሰንጠረዥ ላይ ለስምንት ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ። በ1993 በወጣው «ቬሪ ኔሰሰሪ» በተባለው አልበም ላይ የሴቶቹ የደራሲነት ድርሻ ከቀድሞው በጣም ጨምሮ እናገኘዋለን። ከዚህ አልበም «ሹፕ» 4ኛ፣ ከኤን ቮግ ጋር የቀረጹት «ዋታ ማን» ደግሞ 3ኛ ደረጃ በጠቅላላው ሰንጠረዥ ያዙ፤ አልበሙም በአሜሪካ ብቻ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተሠራጨ። ማለት ከፍተኛውን የፖፕ ስፍራ የያዙት የራሳቸውን ቃል ይበልጥ በጻፉ ጊዜ ነው። «ወደ ፖፕ የሄደች የራሷን ቃል ትታ ሄደች» ለሚለው አባባል ይህ ተቃራኒ ማስረጃ ነው።

ሳይለዝብ መሻገር

በዚሁ ዘመን ኤምሲ ላይት በ1988 «ላይት አዝ ኤ ሮክ» የተባለውን አልበም፣ ንግሥት ላቲፋ ደግሞ በ1989 «ኦል ሄይል ዘ ኩዊን» የተባለውን አወጡ። የላቲፋን ታሪክ ለይተን የምንመለከተው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ምክንያት «ዩኒቲ» የተባለው የ1993 ዘፈኗ ነው። ዘፈኑ በጎዳናም ሆነ በራፕ ውስጥ ሴቶች የሚጠሩበትን የስድብ ስም በግልጥ የሚያወግዝ ነበር። እንዲህ ያለው ኃይለ ቃል ለፖፕ አይሆንም ይባል እንጂ በጠቅላላው ሰንጠረዥ 23ኛ ደረጃ ደርሷል፤ በ1995ም የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ቀን ሶልት-ኤን-ፔፓ በቡድን ዘርፍ ስለ ተሸለሙ፣ በራፕ ዘርፍ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ግራሚ የወሰዱት በዚያ ዓመት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራዋ አደረጃጀት ነው። ላቲፋ ከባልደረባዋ ከሻኪም ኮምፒር ጋር ፍሌቨር ዩኒት የተባለውን ድርጅት አቋቁማ የራሷንና የሌሎችን ሙዚቀኞች ሥራ ትመራ ነበር። ከዚያም ከ1993 እስከ 1998 በቴሌቪዥን «ሊቪንግ ሲንግል» በተባለው ተከታታይ ተጫወተች፤ በ2002 በወጣው «ቺካጎ» በተባለው ፊልም ለኦስካር ታጨች፤ በ2004 ደግሞ የጃዝና የቆዩ ዘፈኖችን በዜማ ብቻ ያቀረበችበትን አልበም አወጣች። ራፕን ተወች ብለው የወቀሷት ነበሩ። ይሁን እንጂ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስትሄድ የሄደችው በራሷ ድርጅት አማካይነት ስለ ነበር፣ መሻገሯ የሌላ ሰው ዕቅድ ነበር ለማለት አይቻልም።

የቈጠራው መለወጥና ሎሪን ሂል

ከ1991 በፊት ቢልቦርድ ደረጃውን የሚያወጣው የሸክላ ሱቆች ሠራተኞች በስልክ በሚሰጡት ወሬ ላይ ተመሥርቶ ነበር። በሜይ 1991 በሳውንድስካን ዘዴ በሱቅ የተሸጠው እያንዳንዱ ሸክላ በመሣሪያ መቈጠር ሲጀምር፣ ቀድሞ በግምት ዝቅ ተደርጎ የነበረው ራፕ በድንገት ከፍ ብሎ ታየ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሙዚቃው በአንድ ሳምንት ውስጥ አለመለወጡ ነው፤ የተለወጠው ሚዛኑ ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ የታየው የራፕ ወደ ፖፕ መግባት በከፊል ቀድሞም የነበረ፣ ነገር ግን ያልተቈጠረ ነገር ነበር።

ለሎሪን ሂል የተዘጋጀው ሜዳ ይህ ነበር። ሂል በፉጂስ ቡድን ውስጥ ሳለች በ1996 የወጣው «ዘ ስኮር» ራፕም ዜማም የምትችል መሆኗን አሳይቶ ነበር። በኦገስት 1998 የወጣው የብቻዋ አልበም «ዘ ሚስኤጁኬሽን ኦፍ ሎሪን ሂል» በመጀመሪያው ሳምንት ከ420,000 በላይ ተሸጦ 1ኛ ሆነ። በኖቬምበር ደግሞ «ዱ ዎፕ» የተባለው ዘፈኗ በጠቅላላው ሰንጠረዥ 1ኛ ደረጃን ያዘ። በፌብሩዋሪ 1999 ከታጨችባቸው አሥር የግራሚ ሽልማቶች አምስቱን ወሰደች፤ ከእነዚህም አንዱ የዓመቱ አልበም ሽልማት ሲሆን፣ የሂፕሆፕ አልበም ይህን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ነገር ግን ጽሑፋችን የተነሣበት ጥያቄ እዚህም ይጠብቀናል። በአልበሙ ላይ የሂል ስም በደራሲነትና በአቀናባሪነት ተመዝግቦ ነበር። በኖቬምበር 1998 አብረዋት የሠሩ ኒው አርክ የተባሉ አራት ሙዚቀኞች የእኛ የድርሰትና የአቀናባበር ድርሻ አልተመዘገበልንም ብለው ከሰሷት። ክሱ በ2001 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ግራ ቀኙን ለመፍረድ አንሞክርም። የምናስተውለው፣ ዘፈኑ ትልቁን ድንበር በተሻገረበት ወር ክርክሩ ስለ ለዛና ስለ ክህደት ሳይሆን ስለ ስም ምዝገባ መነሣቱን ነው። ቀድሞ የወንድ አሠሪዎችን ይጠይቅ የነበረው ጥያቄ አሁን ሴቲቱ ራሷ ባለቤት በሆነችበት ጊዜ ወደ እርሷ ዞረ፤ ይህም ጥያቄው የጾታ ብቻ ሳይሆን የንግዱ ሥርዐት መሆኑን ያረጋግጣል።

ከመጋረጃው በስተኋላ፤ ሚሲ ኤልየት

ሚሲ ኤልየት በፖፕ ሰንጠረዥ ላይ የገባችው አስቀድማ በድምፅዋ ሳይሆን በድርሰቷ ነው። ከቲምባላንድ ጋር ሆና በ1996 ለአሊያ «ዋን ኢን ኤ ሚልየን» ለተባለው አልበም ዘፈኖችን ጻፈች። በ1997 የራሷን «ሱፓ ዱፓ ፍላይ» ስታወጣ አልበሙ ከ3ኛ ደረጃ ጀመረ፤ ኤሌክትራ ከተባለው ኩባንያም ጋር ጎልድማይንድ የተባለ የራሷን የሸክላ ማውጫ አቋቋመች። በ2002 የወጣው «ዎርክ ኢት» ለአሥር ሳምንት 2ኛ ሆኖ ቆየ እንጂ 1ኛ አልሆነም። በ2001 ግን «ሌዲ ማርማሌድ» ለአምስት ሳምንት 1ኛ ሲሆን፣ ክርስቲና አጉሌራ፣ ማያ፣ ፒንክና ሊል ኪም የተሳተፉበትን ይህን ሸክላ ከሮክዋይልደር ጋር ያቀናበረችው ሚሲ ነበረች። በሰንጠረዡ ላይ የድምፃውያኑን ስም ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን አያይም። በ2019 በአሜሪካ የዘፈን ደራሲዎች የክብር መዝገብ ስሟ ሲገባ ከሴት ራፐሮች የመጀመሪያዋ ሆነች።

በዚሁ ዘመን ሽልማት ሰጪዎችም ድንበሩ መፍረሱን ባለማወቅ አመኑ ለማለት ይቻላል። ግራሚ በ2002 ራፕና ዜማ ለተዋሐዱበት ሥራ አዲስ ዘርፍ ሲከፍት የመጀመሪያው ሽልማት ለኢቭና ለግዌን ስቴፋኒ ተሰጠ። እዚህ ላይ ዋናዋ ባለ ዘፈን ራፐሯ ናት፤ አዝማቹን የምታዜመው ደግሞ የሮክና የፖፕ ዘፋኟ ናት። እንደዚሁም በ2003 ለሴት ራፐሮች ብቻ የተለየ ዘርፍ ተከፈተ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ ተዘጋ፤ በሁለቱም ዓመት ያሸነፈችው ሚሲ ኤልየት ነበረች።

የድንበሩ መሳሳት

በጁን 3 ቀን 2012 በኒው ጀርዚ በተደረገ ትልቅ የሂፕሆፕ በዓል ላይ አንድ የራዲዮ አስተናጋጅ «ስታርሺፕስ» የተባለውን የኒኪ ሚናዥን ዘፈን እውነተኛ ሂፕሆፕ አይደለም ብሎ በመድረክ ላይ ነቀፈው። ሚናዥ በዚያ ምሽት ልታቀርብ የነበረውን ትርኢት ተወች። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር፣ በዚያው አልበም ውስጥ «ቢዝ ኢን ዘ ትራፕ»ን የመሰለ ጥርት ያለ ራፕ መኖሩ ነው። እንግዲህ ድንበሩ በሁለት ሴቶች ወይም በሁለት ዘመኖች መካከል ሳይሆን በአንዲት ሴት አልበም ገጾች መካከል ተሰምሯል። ሚናዥ በ2017 በጠቅላላው ሰንጠረዥ ላይ በተመዘገቡ ዘፈኖች ብዛት አሪታ ፍራንክሊንን በልጣ ከሴቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆና ነበር።

የነቃፊዎቹን ክርክር በንቀት ማለፍ ተገቢ አይደለም። የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ራፕ በድኻ ሰፈር ተወልዶ ያን ሰፈር ሲያስተዳድርና ሲያጽናና ኖሯል፤ ገበያው ሲሰፋ ግን ኩባንያዎች ከሴት ራፐሮች ውስጥ መልክና ሰውነት የሚሸጥላቸውን ብቻ እየመረጡ ሌሎቹን ይተዋሉ። ይህ ክርክር እውነትነት አለው። ሆኖም ጥፋቱ የመራጩ እንጂ የተመረጠችዋ አይደለም። አንዲትን ሴት ብቻ በአንድ ጊዜ አንግሦ ሌሎቹን ከበር መመለስ የኩባንያዎች ልማድ እንደ ነበር ቍጥሩ ራሱ ይመሰክራል፤ ከሎሪን ሂል በኋላ አንዲት ሴት ራፐር ሌላ ስም ሳይጨመርላት ብቻዋን 1ኛ ለመሆን የበቃችው በ2017 ካርዲ ቢ በ«ቦዳክ የሎው» ነው። በመካከሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ፈጣን ነው። ካርዲ ቢ በ2019 በራፕ አልበም ዘርፍ ግራሚን ስትወስድ በብቸኝነት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2020 ሊዞ «ትሩዝ ኸርትስ» በተባለው የራፕ ዘፈን የተሸለመችው በፖፕ ዘርፍ ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዶጃ ካትና ኒኪ ሚናዥ በ«ሴይ ሶ» 1ኛ ሆኑ፤ በ2022 ደግሞ ዶጃ ካት ከሲዛ ጋር የፖፕ ግራሚን አገኘች። በ2025 ዶይቺ የራፕ አልበም ሽልማትን ወሰደች። አድማጩ ዘፈኑን በኢንተርኔት አማካይነት ራሱ መርጦ ሲሰማና ያም በሰንጠረዡ ላይ ሲቈጠር፣ በራዲዮ ጣቢያዎች መካከል ተሰምሮ የነበረው መሥመር ኃይሉን አጣ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ያየነውን ስናጠቃልል ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታዩናል። ድንበሩን ያሰመሩት ሙዚቀኞች ሳይሆኑ የንግድ መጽሔቶች፣ ጣቢያዎችና ኩባንያዎች ናቸው፤ ቈጠራው በተለወጠ ቍጥርም ድንበሩ ቦታውን ለውጧል። ራፕንና ዜማን ማዋሐድ የፖፕ ፈተና ሳይሆን ሴቶች ከ1979 ጀምሮ ይዘውት የመጡት ሀብት ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ መሻገር የአንዲትን ሴት ሥራ የሚያከብረው ወይም የሚያዋርደው ዘፈኑ ለስላሳ ወይም ጠንካራ በመሆኑ ሳይሆን በውሉ ላይ በተጻፈው ስም ነው።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ እንዳይመስለን አንድ ማስረጃ እንጨምር። በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንድ ደራሲ ያስተላለፈውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ መልሶ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ሼሪል ጄምስና ሳንድራ ዴንተን በዚህ ሕግ ተመርኩዘው በሜይ 2025 ዩኒቨርሳል በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ላይ ክስ አቀረቡ። የክርክሩም ፍሬ ነገር በ1986 የተፈረመው ውል የሸክላዎቹን ባለቤትነት ለማን ሰጠ? የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሁለቱ ሴቶች ከስፒንደሬላ ጋር በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ተከበሩ። ስማቸው በክብር መዝገብ ሲገባ ድምፃቸው የተቀረጸበት ዋናው ሸክላ በማን መዝገብ እንደሚገኝ ገና ይከራከሩበት ነበር።

ስለዚህ ለባልደረቦቻችን ተማሪዎች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የአንድን ዘፈን ታሪክ ለማጥናት ስንነሣ በሰንጠረዥ ላይ ያለውን ደረጃ ከማየታችን በፊት በሸክላው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን እናንብብ፤ ማን ጻፈው፣ ማን አቀናበረው፣ መብቱስ የማን ነው? ስለ ሌላ አገርም ሆነ ስለ አገራችን ዘፋኞች ብንመረምር፣ ከአንዲት ሴት ጠባይ ይልቅ እነዚህ ሦስት መሥመሮች ብዙ ታሪክ ይነግሩናል።